ካባው ያጠረበት ጠዋት

ልብስ ሰፊዋ ሳጥኑን የከፈተችው በዓመቱ ነው። የቴአትር ቡድኑ የንጉሡን ተውኔት እንደገና ሊያሳይ ስለሆነ፣ የጦር ሜዳውን ልብሶች አውጥቶ ማየትና የተቀደደውን መጣፍ የእሷ ሥራ ነበር። ሁለት የወታደር እጀ ጠባብ አወጣች። ሦስተኛው ላይ እጇ ቆመ። የሰንደቅ ያዡ ካባ ነው፤ ታናሽ ወንድሟ ለብሶት የወደቀው።

እንባዋን ጠርጋ ልታጥፈው ስትል ጠርዙ ላይ የራሷን ስፌት አየች። የጥድፊያ ስፌት ነው፣ ረጃጅምና የተንሻፈፈ። አንድ ስንዝር ያህል አሳጥራዋለች። መቼ ነው ያሳጠርኩት ብላ አሰበችና ትዝ ሲላት ወንበር ስባ ተቀመጠች።

በተውኔቱ ውስጥ ንጉሡ በጠላት ተከቦ፣ ሠራዊቱ ተስፋ በቆረጠ ሰዓት፣ ከእንጨት የተሠራ ግንብ ላይ ወጥቶ ወታደሮቹን ያደፋፍራል። ንጉሡን ዘጠኝ ዓመት የተጫወቱት ቡድኑን የመሠረቱት ሰው ናቸው፤ ትልቁም ትንሹም «ጋሼ» ይላቸዋል። ግንቡ ላይ ሳይወጡ የቀሩት አንድ ቀን ብቻ ነው። የዚያን ቀን በሳቸው ፋንታ ሰንደቅ ያዡ ወጣ፤ ንግግሩን ሳይጨርስ ግንቡ ተናደ። ወንድሟ በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ አረፈ።

አጣሪዎች ሲጠይቋቸው ጋሼ፣ «ልወጣ ስል ጉልበቴን ድንገት ያዘኝ። አንተ ውጣልኝ አልኩት» አሉ። ጥፋቱ አናጢው ላይ ተለጠፈ። ከቅጥነቱ የተነሳ «ሚስማር» የሚሉት ሰው ነው። መጠጥ እንደሚወድ ሁሉም ያውቅ ስለነበር ማንም አልተከራከረለትም፤ ተባረረ።

ካባው ያጠረው ግን የዚያኑ ዕለት ጠዋት ነው። ጋሼ ራሳቸው ይዘው መጥተው፣ «መሰላሉ ላይ እንዳይጠልፈው ትንሽ አሳጥሪለት፣ ልጄ» ብለዋት ነበር። ሰንደቅ ያዡ ሌላ ጊዜ መሰላል አይወጣም፤ ትርዒቱ ደግሞ ከቀትር በኋላ ነው። ድንገት የያዘ ጉልበት ከጠዋቱ በምን ታወቀ?

ለማንም አልተናገረችም። ሦስት ቀን ዓይኗን ከጋሼ ላይ ሳትነቅል ዋለች። በፊት የማታስተውለው ሁሉ ይቆረቁራት ጀመር። በአዲሱ ዝግጅት ግንብ እንዳይኖር ያዘዙት ለምንድነው? ለሟቹ አዝነው ነው ወይስ ሰው እንዳያስታውስ? በሦስተኛው ቀን ጋሼ ካባውን ጠረጴዛዋ ላይ አዩት።

«ይሄ ምን ያደርግልሻል? ጣይው፤ ሌላ ይሰፋል» አሏት።

«ደህና እኮ ነው፣ ጋሼ።»

«ለአንቺ ብዬ ነው። ባየሽው ቁጥር ትታመሚያለሽ።»

ድምፃቸው የአባት ድምፅ ነበር። ወንድሟን ከመንገድ አንስተው ለመድረክ ያበቁት እሳቸው ናቸው። በተጠራጠረችው ልክ በራሷ አፈረች። ቢሆንም እሳቸው እንደወጡ ካባውን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በማግስቱ ሚስማርን ፈልጋ አገኘችው። አሁን የሬሳ ሣጥን በሚሠራበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ጣውላ እየላገ ነበር። ሲያያት መላጊያውን አስቀመጠ።

«ልትሰድቢኝ ከሆነ የመጣሽው፣ ተቀመጪና ስደቢኝ።»

«ልጠይቅህ ነው። ግንቡ መበላሸቱን ታውቅ ነበር?»

«አንደኛው እግሩ ተሰንጥቆ ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት አይቼ ለጋሼ ነግሬያቸዋለሁ። ሰው አይሸከምም፣ ዛሬ ይቅርብን አልኳቸው። ሰው ተጠርቷል፣ ዛሬን ይችላል አሉኝ።»

«ታዲያ ለአጣሪዎቹ ለምን አልተናገርክም?»

«አልተናገርክም? ለምኛቸዋለሁ! የሰካራም ወሬ ሆነና ቀረ።» እጁን በሱሪው ጠረገ። «እህቴ፣ በዚያ ሰሞን ጠጥቼ አላውቅም። አሁን ግን እጠጣለሁ።»

ስትመለስ መጀመሪያ ያማከረችው ሁልጊዜ የጠላት ጦር አዛዥ ሆኖ ስለሚጫወት «ጠላት» የሚሉትን ተዋናይ ነው፤ ከቡድኑ ሁሉ ገራገሩ እሱ ነበር። ሰምቷት ሲጨርስ ራሱን ያዘ።

«ይሄ ከወጣ እኮ ቡድኑ አለቀለት። አሥራ አራት ሰው ነን። ሆድ ይፍጀው ብትዪስ?»

«ሚስማርስ? እሱ ሰው አይደለም?»



ልምምዱ ዐርብ ጠዋት ነበር። ወታደሮቹ የእንጨት ጎራዴያቸውን ይዘው ተሰልፈዋል፤ ጋሼ ዘውዱን ደፍተው ከፊታቸው ቆመዋል። «ማናችሁም ብትሞቱ ደማችሁ በእኔ ላይ ነው» የሚለው ቦታ ላይ ሲደርሱ በሩ ተከፈተና ልብስ ሰፊዋ ሚስማርን አስከትላ ገባች። ጋሼ አናጢውን ሲያዩ ንግግሩን አቋረጡ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» ብላ ካባውን ዘረጋችው። «ይሄን ያሳጠርኩት መቼ ነው?»

ሊዋሹ ነው ብላ ጠበቀች።

«ጠዋት» አሉ።

«ጉልበትዎንስ የያዘዎት?»

«ከነጋ ጀምሮ ያመኝ ነበር። ቀድሜ አስቤበት ነበር ብል ምን እንደምትሉኝ ስላወቅሁ ነው ድንገት ያልኩት።»

«እሱስ ነግሮዎት ነበር?»

ጋሼ ወደ ሚስማር ዞሩ። «ነግሮኛል። ዛሬን ይችላል ብዬ ነበር።»

ከወታደሮቹ መሀል አንዱ ጎራዴውን ወለሉ ላይ ወረወረ። ሌላው፣ «በቃ፣ ተዪያቸው!» ብሎ ጮኸባት። እሷ ግን የቀረ ጥያቄ ነበራት።

«ካባውን ይዘውልኝ የመጡት እሱ ከመንገሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

«በፊት ነው፣ ልጄ። በፈጣሪ እምላለሁ፣ በፊት ነው። ጉልበቴን አሞኝ እንጂ ግንቡን ፈርቼ አልላክሁትም።»

«ይሄን የሚያውቅ ሌላ ሰው አለ?»

«የለም።»

ሚስማር አንገቱን ደፋ። እሱ በስንት ሰዓት እንደተናገረ አያስታውስም። እሷም ብትሆን ፀሐይ ጠረጴዛዋ ላይ አርፋ እንደነበር እንጂ ሰዓቱን አታውቅም።

«ታምኚኛለሽ?» አሏት ጋሼ።

«አንድ ዓመት ሙሉ አምኜዎት ነበር። አሁን አላውቅም።»

ጋሼ ዘውዱን አውልቀው ወንበር ላይ አስቀመጡና ወጡ። በዚያው ሳምንት የሚስማር ቃል እውነት እንደነበር በእጃቸው ጽፈው ለአጣሪዎቹ ሰጡ፤ ወደ ቡድኑም አልተመለሱም። ጠላት ሳይወድ በግዱ መሪ ሆነ። ሁለት ተዋናዮች ተቀይመው ለቀቁ፤ አንደኛዋ እስከዛሬ ልብስ ሰፊዋን ሰላም አትላትም። የንጉሡ ተውኔት ተሰረዘ። ሚስማር ግን ተመልሶ መጣ። የመጀመሪያውን ቀን ጠዋት ከሰው ሁሉ ቀድሞ ገብቶ የመድረኩን ወለል ጣውላ በጣውላ እየረገጠ ሲሞክር አገኙት።

ልብስ ሰፊዋ ለእናቷ የነገረቻት ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። እናትየው ልብስ እያሰጣች ነበር፤ እጇ ሳይቆም እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«በፊት ነው ያሉት?»

«በፊት ነው ብለዋል።»

«እንግዲያው በፊት ይሁን» አለች እናቷ። «ግንቡን ፈርተው ልጄን ላኩት ብዬ የማድርበት አንጀት የለኝም። አንቺም እንደዚያው በይ።»

ልብስ ሰፊዋ አንሶላውን በአንድ ጫፍ ይዛ አገዘቻት። እሺም አላለች፣ እምቢም አላለች።