እትዬ ሹክ ያቀበለችው ቃል

የሰፈሩ ሰው እትዬ ሹክ ይላታል። ስሙ የወጣላት በሥራዋ ነው። በየዓመቱ በጋ ሲገባ፣ ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ግቢ መድረክ ይቆማል፤ በመድረኩ ጠርዝ ሥር ደግሞ በጣውላ የተከለለች፣ ተዋንያኑ ሳጥን የሚሏት ጠባብ ቦታ አለች። እሷ እዚያ ውስጥ ተቀምጣ፣ ጽሑፉን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ቃል የጠፋበትን ተዋናይ ሹክ እያለች ታድነዋለች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስታደርግ ወገቤን ቆረጠኝ፣ አንገቴ ደነዘዘ ብላ አታውቅም። "እኔን የሚያየኝ እግዜርና የተዋንያኑ ጫማ ነው" እያለች ትቀልድ ነበር።

የሰፈሩ የቲያትር ቡድን ደመወዝ የሚባል ነገር የለውም። መምህሩም፣ ዳቦ ጋጋሪውም፣ ፀጉር ሠሪዋም የየራሳቸውን ሥራ ሲሠሩ ውለው አመሻሽ ላይ ይለማመዳሉ፤ በጋ ሲመጣ ሁለት ወር ያሳያሉ። እሷም ብትሆን ቀኑን የምትውለው በጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ነው።

የሁሉም አንጋፋ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። አርባ ዓመት ንጉሥ፣ ዳኛ፣ አባት እየሆኑ ስለ ተጫወቱ፣ መንገድ ላይ ልጁም አዋቂውም "ንጉሥ፣ እንደምን ዋሉ?" ይላቸዋል። እሳቸውም ኮፍያቸውን ከፍ አድርገው "ሕዝቤ ሆይ፣ ደህና ነኝ" ይላሉ። እንዲያ ያለ ድምፅ ነበራቸው፤ ሹክ ቢሉ እንኳ የመጨረሻው ረድፍ ድረስ የሚሰማ።

እኚህ ሰው ግን ቃል ይጠፋቸው ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ይህን የምታውቀው እትዬ ሹክ ብቻ ናት። ምልክት ተስማምተዋል፤ ቃሉ ሲሰወርባቸው ግራ እጃቸውን ቀስ ብለው ይጨብጣሉ። ተመልካቹ የቁጣ ወይም የሐዘን ይመስለዋል፤ እንዲያውም አንዳንዱ ያለቅሳል። እሷ ግን ያንን እጅ ስታይ ቃሉን ወዲያው ታቀብላለች፤ እሳቸውም ምን እንደ ሆነ ሳይመዝኑ፣ ከአፏ ነጥቀው በዚያ ድምፅ ይናገሩታል። በመጀመሪያው ዓመት በአንድ ምሽት ሦስቴ አራቴ ነበር። ዘንድሮ በልምምድ ላይ መቁጠሩን ተወችው።

"ይህ የመጨረሻዬ ነው" ብለዋት ነበር፣ ሰው ወንዝ በማሻገር ያረጀ ጀልባ ቀዛፊ ሆነው ሊጫወቱ ልብሳቸውን ሲለኩ። "በሚቀጥለው ዓመት ስሜንም አንቺ ነሽ የምታቀብዪኝ። ይህን አንድ በጋ ብቻ አጫውቺኝ፤ ከዚያ ለልጄ ራሴ እነግራታለሁ።"

"እግዜር ያውቃል፣ ጋሼ።"

"እሱማ ያውቃል። ሌላ ሰው እንዳያውቅ ነው የምልሽ።"

ዓለምን ያዳረሰው የሳል ወረርሽኝ መጀመሪያ በሬዲዮ ወሬ መጣ። የሩቅ ነበር፤ ሰው ወሬውን ሰምቶ ጣቢያውን ይቀይር ነበር። ከዚያ በየቢሮው በር ላይ እጅ መታጠቢያ ተቀመጠ። ሰላምታ በክርን ሆነ፤ ወዳጅና ወዳጅ ሲገናኝ እጁን ዘርግቶ መልሶ ይሰበስባል፣ ያፍራል፣ ይስቃል።

እትዬ ሹክ ግን ከሬዲዮው ይልቅ የካርድ መደርደሪያዋን ታምን ነበር። አንድ ሰኞ ሳልና ትኩሳት ይዟቸው ለመጡ ሰዎች ዘጠኝ ካርድ አወጣች። በሳምንቱ ሰኞ አርባ አንድ። ከመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ውስጥ ሁለቱን ካርዶች ነርሷ መልሳ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠችላት። እሷም ምንም ሳትጠይቅ የሞቱ ሰዎች ካርድ ወደሚገባበት የታችኛው መሳቢያ ጎንበስ አለች። አንደኛው ባለፈው በጋ ከፊት ረድፍ የማይጠፋ ሰው ነበር። ስሙን በልቧ ጠርታ ጸለየችለት፤ መሳቢያውን ዘጋች።

ትርኢቱ ሊከፈት አራት ቀን ሲቀረው ቡድኑ መድረኩ ላይ ተሰበሰበ። ከመንግሥት ምክር እንጂ ትእዛዝ ገና አልመጣም። ወንበሩ ተደርድሯል፣ ሰው ተጠርቷል።

"እኔ ደንበኞቼን ራቅ ራቅ ብላችሁ ቁሙ ብላቸው፣ እንግዲያው ዳቦውን ወርውርልን አሉኝ" አለ ዳቦ ጋጋሪው። "ትላንት ሦስት ወረወርኩ፤ ሁለቱ ተቀለቡ፣ አንዱ አናት መታ።"

"አንተ ደግሞ ሁሉን ቀልድ ታደርጋለህ!" አለች ፀጉር ሠሪዋ። "እኔ የሰው ጭንቅላት ታቅፌ ነው የምውለው። በሁለት ሜትር ርቀት ምን ልሥራ?"

"በመጥረጊያ እንጨት ነዋ።"

"ውይ፣ አፍህን!" አለችና እየሳቀች ዓይኗን ጠረገች። "እናቴ እኮ ሳንባዋ ደካማ ነው። እኔ እፈራለሁ፤ ፈሪ በሉኝ።"

"ሰው ቤቱ ታፍኖ በፍርሃት ከሚያልቅ መጥቶ ቢስቅ አይሻልም?" አለ ሌላው። "ደግሞ ሜዳ ላይ ነው፤ ነፋስ አለ።"

"የልብስ መቀየሪያውስ ክፍል? እዚያ እንኳን ነፋስ፣ ዝንብም ተጋፍቶ ነው የሚገባው" አለች ፀጉር ሠሪዋ።

መምህሩ፣ ድርሰቱን የጻፈውና የሚያዘጋጀው እሱ ነውና፣ ግንባሩን ይዞ ቆየ። "እትዬ ሹክ፣ አንቺ ጤና ጣቢያ ነሽ። ምን ትያለሽ?"

እሷም ዘጠኙ አርባ አንድ መሆኑን ተናገረች። ግን ዕድሜዋን ሙሉ ለአንድ ሰው ጆሮ እንጂ ለብዙ ሰው ተናግራ አታውቅም፤ ድምጿ ከሁለተኛው ሰው አላለፈም። ዳቦ ጋጋሪው "ሳልማ መቼ ጠፍቶ ያውቃል" አለና ጨዋታው ወደ ሌላ ሄደ። ግማሹ ይከፈት፣ ግማሹ ይዘጋ እንዳለ መሸ።

በቡድኑ ወግ፣ ነገር እንዲህ ሲከፈል አንጋፋው መድረኩ መሐል ቆመው ይቋጩታል። እሳቸው አንድ ጊዜ ካሉ አለቀ፤ ሁሉም አንዴ አጨብጭቦ ይበተናል። ወጉን ማን እንዳመጣው የሚያስታውስ የለም። ግን አንድም ቀን ተጥሶ አያውቅም።

ሽማግሌው ምን እንደሚሉ እትዬ ሹክ ታውቃለች። ከስብሰባው በፊት በልብስ ክፍሉ በር ላይ ይዘዋት፣ "ይከፈት ነው የምለው፤ አደራ፣ አታሳዝኚኝ" ብለዋት ነበር። ስለ ካርዶቹ ነገረቻቸው። ሰሟትና "ልጄ፣ እኔን በሽታው ባይወስደኝ መርሳቱ ይወስደኛል። በእግሬ ቆሜ ልሂድ" አሉ። 

አሁን ተነሡ። ሁሉም ወንበር ወንበሩን ሲይዝ እሷ በልማዷ ሳጥኗ ውስጥ ገብታ ነበር። እሳቸውም ጀመሩ። ስለ መጀመሪያው መድረክ፣ መብራት ጠፍቶ ሰው በመኪና መብራት ስላየው ትርኢት፣ ስለ ሞቱት ጓደኞቻቸው ተናገሩ። ዳቦ ጋጋሪው እንኳ አፉን ዘግቶ አዳመጠ። "ሰው ከሰው ጋር ተቀምጦ አንድ ነገር ሲያይ፣ አንድ ቤተሰብ ይሆናል" አሉ። "ይህን ቤተሰብ አደራ የተቀበልነው እኛ ነን። ስለዚህ እኔ የምለው፣ ዘንድሮ..."

ቆሙ።

ግራ እጃቸው ቀስ ብሎ ተጨበጠ።

ሌላው ሁሉ ስሜት የያዛቸው መሰለው። እሷ ግን ዓይናቸውን አየች፤ ባዶ ነበር፤ ቤቱን የሳተ ሰው ዓይን። ቃሉን ታውቀዋለች። እንከፍታለን። ሃያ ስድስት ዓመት የተጻፈውን እንጂ የራሷን አቀብላ አታውቅም። የታችኛው መሳቢያ ትዝ አላት፣ የፊት ረድፉ ሰው ትዝ አላት፣ በዚያ ጠባብ ክፍል ትከሻ ለትከሻ የሚገፋፉት ትዝ አሏት። ጌታ ሆይ ይቅር በለኝ አለች፤ ይህንን ግን ድምፅ ሳታወጣ።

"እንዘጋለን" አለች ሹክ ብላ።

"እንዘጋለን!" አሉ ሽማግሌው፣ በዚያ ድምፅ።

 ከዚያ ሁሉም አንዴ አጨበጨበ። ፀጉር ሠሪዋ አለቀሰች። መምህሩ ራሱን ነቀነቀ፣ ወንበሮቹን እያየ።

እትዬ ሹክ ከሳጥኗ ወጥታ ስትከተላቸው ልብስ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ፊታቸው ደስ ብሎታል።

"እንዴት ነበር? እንከፍታለን አልኩ አይደል?"

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ራሳቸው አስበው ያሉት መስሏቸው ሊኖሩ ይችሉ ነበር። እሷም ይህ በልቧ አላለፈም አይባልም።

"አይ ጋሼ። እንዘጋለን ነው ያሉት። ያቀበልኩዎት እኔ ነኝ።"

ፊታቸው ላይ የነበረው ደስታ ጠፋ።

"ሦስት ዓመት ሙሉ አንቺ ያልሽውን ሳላጣራ ነው የተናገርኩት" አሉ።

"አውቃለሁ። ተመልሼ ለሁሉም ልንገራቸው?"

"ምን ብለሽ? ንጉሡ ቃል ጠፍቶት ነበር ብለሽ?"

ይህንን አላሰበችውም ነበር። ጥፋቷን ብትናገር የእሳቸውን ምስጢር ልታወጣ ነው። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አንሥተው፣ ደህና እደሪ ሳይሏት ወጡ። ከሃያ ስድስት ዓመት ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

የመንግሥት ትእዛዝ ከስብሰባው በኋላ በዘጠነኛው ቀን መጣ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ለሁሉም አንድ ሆነ። የሌላው ሰፈር ሙዚቀኞች፣ የትምህርት ቤቱ መዘምራን፣ ዳንሰኞቹ፣ ሁሉም ቤቱ ገባ። ያ በጋ ድምፅ አልነበረውም። በየግድግዳው የተለጠፈው ማስታወቂያ ቀለሙ በፀሐይ እየነጣ እዚያው ቀረ፤ ወንበሮቹን የሚያነሣ ስላልነበረ ቅጠል ሞላባቸው። ዳቦ ጋጋሪው ታሞ ተነሣ፤ ግን ጣዕም ጠፍቶት ጨዉን ሚስቱ ትቀምስለት ነበር። ትኬት የምትቆርጠው ሴትዮ ሞተች፤ ያ ሁሉ ሰፈር የሚያውቃትን ሴት ስድስት ሰው ቀበራት። እትዬ ሹክ ካርዷን በራሷ እጅ ወደ ታችኛው መሳቢያ መለሰች።

ትእዛዙ መምጣቱ ለሌላው መጽናኛ ነበር። "ዞሮ ዞሮ ይዘጋ ነበር" ይላሉ። እሷ ግን እነዚያን ዘጠኝ ቀናት ትቆጥራለች። እስከ መክፈቻው ያሉት አራቱ ቢቀነሱ አምስት ትርኢት ይታይ ነበር። አምስቱ ስንት ሰው ይወስዱ እንደ ነበር፣ ወይም ማንንም አይወስዱ እንደ ነበር የሚያውቅ የለም። እግዜርንም አልጠየቀችው። የጠየቀችው ሽማግሌው ስልክ እንዲያነሡላት ብቻ ነበር። አላነሡም።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ ልጃቸው ደወለች።

"እትዬ፣ አባባ መርሳት ጀምሯል። ጠዋት ተነሥቶ ልብስ ይለብስና ዛሬ ትርኢት አለ ወይ ይለኛል። አንቺን ይጠራል።"

በእሁድ ሄደች። አፍና አፍንጫዋን ሸፍና ከግቢው በር ላይ ቆመች። ሽማግሌው በረንዳው ላይ ወንበር ተደርጎላቸው ሲያይዋት ፊታቸው በራ።

"መጣሽ! መቼ ነው የምንከፍተው?"

"ዘንድሮ ተዘግቷል፣ ጋሼ።"

"ማን ነው የዘጋው?"

ልጃቸው ከኋላቸው ሆና በከንፈሯ ብቻ መንግሥት በዪ፣ መንግሥት በዪ ትላታለች። ውሸትም አልነበረም።

"እኔ ነኝ" አለች። ሁሉንም ነገረቻቸው። ሽማግሌው እንደዚያች ቀን፣ ገና እንደ ሰሙት ሁሉ ተቆጡ፤ ተነሥተው ገቡ።

በሳምንቱ እሁድ ደግሞ መጣች። ደግሞ ፊታቸው በራ፣ ደግሞ ጠየቁ፣ ደግሞ ነገረቻቸው፣ ደግሞ ገቡ። በሦስተኛው እሁድ ልጃቸው እስከ መንገድ ድረስ ተከትላት ወጣች።

"ምን አለበት ብትተዪው? ማክሰኞ ሲሆን እኮ ረስቶታል። ለምን በየሳምንቱ ትሰደቢያለሽ?"

"አንድ የሐሰት ቃል አቀብያቸዋለሁ፣ እቴ። ሁለተኛ አልጨምርም።"

በአምስተኛው እሁድ፣ ነፋሱ መቀዝቀዝ ጀምሮ ነበር። ሽማግሌው ጋቢ ተደርቦላቸው ተቀምጠዋል። ጠየቁ፤ ነገረቻቸው። እንደ ሌላው ጊዜ ሊነሡ እጃቸውን ወንበሩ ላይ አስደገፉ። ግን አልተነሡም።

"ለምን?" አሉ።

ይህን ጠይቀዋት አያውቁም ነበር። እሷም ከበሩ አጠገብ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ከመጀመሪያው ሰኞ ጀምራ ተናገረች። በበረንዳውና በበሩ መካከል ያለው ርቀት ሩቅ ነበር፤ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿን ከፍ አድርጋ መናገር ነበረባት። ሳትቸኩል ተናገረች። ቲያትር እንደሚያይ ሰው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሟት።

ስትጨርስ እጃቸውን ከወንበሩ አነሡ። መንገድ ላይ አንድ ሰው ብስክሌት እየገፋ አለፈ።

"ልክ ነበርሽ አልልሽም" አሉ።

"አይበሉኝ፣ ጋሼ።"

"የኔ ነበር ያ በጋ።"

"የእርስዎ ነበር።"

ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሳብ አደረጉ።

"እንግዲህ እሁድ ስትመጪ እንደገና ትነግሪኛለሽ። ከዛሬው ሳትቀንሺ" አሉ። "አሁን ሂጂ፤ ብርድ ይመታሻል።"

"እሺ ጋሼ። ደህና ይዋሉ።"

"ደህና ዋይ፣ ልጄ" አሉ።