የቀንበሩ ግራ ጎን

፩

በእሾህ አጥሬዋለሁ። ዝሆን አያልፈውም።

(በእኛ ቀበሌ ዝሆን የለም። ቢኖር ግን አያልፈውም ነበር።)

፪

ምን እንዳጠርኩ ሳልነግርህ ጀመርኩ። የበቆሎ አገዳ ነው፤ እህሉ ከተሰበሰበ በኋላ ማሳው ላይ የቀረው። በአገራችን ልማድ እህል ከተነሣ አገዳው የመንደሩ ከብት ሁሉ ነው። ማንም ነድቶ ያስገባል፣ ማንም «ተው» አይልም።

እኔ ተው አልኩ።

መሣሪያ ሠርቼ ነበራ!

፫

ስለ መሣሪያው።

የተጣለ የትራክተር ዲስክ ዳሩን አስሞርጄ፣ የብረት ማቀፊያ አስበይጄ፣ ከሞፈር ጋር አሰርኩት። በሬዎች ሲጎትቱት እየተሽከረከረ የተኛውን አገዳ ይቆርጣል፣ ለዘሩም ቀጭን መስመር ይከፍታል። መሬቱ አይገለበጥም። የቀረው አገዳ አፈሩን ሸፍኖ እርጥበቱን ይይዛል።

በዓለም የመጀመሪያው ነው። የልማት ሠራተኛዋ «ሥዕሉን ያሳየሁህ እኮ እኔ ነኝ» ትላለች። ማሳየትና መሥራት አንድ ነው እንዴ?

፬

አንድ በሬ አለኝ፤ ጎበዜ ይባላል፣ ተራራ ይጎትታል። ጎረቤቴ አያ ቢተውም አንድ በሬ አለው፤ ቦቃ። ጎጆ ከወጣን ጀምሮ መቀናጆ ነን፤ የእኔው በቀኝ፣ የእሱ በግራ፣ ዛሬ የእኔ ማሳ፣ ነገ የእሱ።

ዲስኩ ክብደት ካልተጫነበት አገዳውን ሳይቆርጥ አፈር ውስጥ ይወትፈዋል። ስለዚህ በሙከራው ቀን አያ ቢተው ላዩ ላይ ተቀመጠ።

«ለምን አንተ አትቀመጥም?»

«እኔ መሪ ነኝ።»

«ጉራህ ቢጫንበት እኮ ውኃ እስኪወጣ ይቆፍር ነበር!»

ቆረጠ። ክርርር እያለ ቆረጠ። አያ ቢተው ላዩ ላይ እየተንገጫገጨ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

፭

(እንደተባለው። ምንም ሳልጨምር። ይከብደኛል፣ ግን እሞክራለሁ።)

ቢተው፦ ቦቃን ማን መታው?

እኔ፦ አጥር ጥሶ ገባ።

ቢተው፦ ዝሆን አያልፈውም አላልክም?

እኔ፦ አያ ቢተው፣ አገዳው ካለቀ ዲስኩ ምን ይቆርጣል?

ቢተው፦ ቦቃ ከከሳ ዲስክህን ማን ይጎትተዋል?

እኔ፦ ጎበዜ አለ!

ቢተው፦ ጎበዜ ተራራ ይጎትታል አይደል? በል ብቻውን ይጎትት።

፮

ሄደ።

፯

ደመናው ከብዷል። ካልዘራሁ ዓመቱ አለቀ። ሌላ በሬ ፍለጋ መንደሩን ዞርኩ፤ በሬ ያለው ሁሉ ተቀናጅቷል።

ሚስቴ አንጓች፦ «ሂድና ይቅር በለኝ በለው።»

«ሽማግሌ እልካለሁ። አገር ያወቃቸውን!»

«ሽማግሌ ለቦቃ አገዳ ይሆነዋል?»

፰

እዚህ ላይ ስለ ጀግንነቴ አንድ ሙሉ ገጽ ነበር። ሰረዝኩት። በምትኩ ይህን አንብብ፦

ቦቃ ገብቶበት የነበረውን ቦታ ሄጄ አየሁት። የተነከሰው አገዳ

አንድ

ነው። ዱላ ያነሣሁት ለእሱ ነው።

፱

እሾሁን ነቀልኩ። ማሳውን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ለቦቃ ተውኩ፣ ግማሹን ለዲስኩ። በቦቃ በኩል በር ከፈትኩ፤ ሠራዊት ያሳልፋል።

እሺ። አንድ በሬ ያሳልፋል።

ዲስኩን በሩ አጠገብ አቁሜ መቀመጫው ላይ የበግ አጎዛ አነጠፍኩ። ቀንበሩን ጎበዜ ላይ ጫንኩና፣ ባዶውን ጎን በትከሻዬ ደግፌ ቆምኩ። ከበደኝ። ቦቃ ይህን ሁሉ ዘመን ይሸከም ነበር ለካ።

፲

ከአያ ቢተው ደጅ በኩል ኮቴ ተሰማ። ጎበዜ ጆሮውን አቆመ። ኮቴው ወደ እኛ ይምጣ ወደ ወንዝ ይውረድ፣ ገና አልለየም።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ከማንም አሳምሬ ልጨምርበት እችል ነበር። በዚህኛው ግን መጨመር አልፈልግም።

ቀኝ፦ ጎበዜ

ግራ፦