የላንድሮቨሯ ታኮ

አልቃሿ ጠጄ ሟቹን ከፈረስ ላይ አላወርድም ብላለች። በጦር ሜዳ ከኮርቻው ወርዶ እንደማያውቅ፣ ጠላት የፈረሱን ኮቴ ሲሰማ ይበረግግ እንደነበር፣ ዜማዋን እየጎተተች ትደረድራለች። ድንኳኑን የሞላው ለቀስተኛ ደረቱን ይመታል። ሳሌም ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ወደ አክስቷ ጆሮ ጎንበስ አለች።

«እትዬ ጥሩሸዋ፣ አባዬ ፈረስ የጋለበው መቼ ነው?»

«ዝም በይ፣ ለቅሶ ነው።»

«የውሃ ቦቴ ሹፌር ነበር እኮ።»

«ታዲያ በቦቴ ይለቀስ?» አለች ጥሩሸዋ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና። ወዲያው ድምጿን ከፍ አድርጋ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለች ካቋረጠችበት ቀጠለች።

ትዕዛዙ በሳምባ ምች አርፎ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ልጁ ሳሌም ከምታስተምርበት ከደብረ ብርሃን ተጠርታ ስትደርስ አፈር ለብሷል። አውቶቡስ ከሚያቆምበት ከዘመሮ ሦስት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ መጥታ፣ የመጀመሪያውን ውሸት እዚያው ደጁ ላይ ተቀበለች፤ ከዚያ ወዲህ አላባራም። «ያ ዕብድ» ሲሉት የኖሩ ሰዎች ዛሬ «ያ ብልህ» ይሉታል። ደጁን ረግጠው የማያውቁት «ከእጁ ያልቀመስኩበት ቀን የለም» እያሉ ንፍሮውን በጭብጣቸው ይዘግናሉ። ሳሌም አንድ በአንድ ታያቸዋለች። ማን ምን ይል እንደነበር አልረሳችም።

ለአባቷም ቢሆን ከዚህ የተሻለ አክብሮት አልነበራትም። እሷ ግን ቢያንስ በቁሙ ነግራዋለች።

ድንኳኑ ተንጋዶ የተተከለው በአባቷ አሮጌ ላንድሮቨር ምክንያት ነው። በጓሳ ሣር የተከደነው መጠለያዋ የግቢውን እኩሌታ ይዟል፤ ካስማ መትከያ ቦታ ስለጠፋ የድንኳኑ አንዱ ገመድ ከፊት ብረቷ ጋር ታስሯል። ቀለሟ ድሮ አረንጓዴ ነበር፤ አሁን የሻገተ ዳቦ ይመስላል። መቀመጫዎቿ ከበግ ጠጉር የተሠራ የመንዝ ባና ለብሰዋል። አፍንጫዋ ወደ ውጭው በር፣ ወደ ቁልቁለቱ ነው፤ እንዳትንሸራተት ከፊት ጎማዋ ሥር የሰው ራስ የሚያህል ድንጋይ ታኮ ተደርጎላታል። አገሩ «የትዕዛዙ ሁለተኛ ሚስት» ይላት ነበር። ዛሬ ጠዋት አንዷ ለቀስተኛ ወደዚያ በአገጯ እያመለከተች «መበለቲቱም እዚህ ናት» ስትል፣ ሦስት ሴቶች በነጠላቸው ውስጥ ሲስቁ ሳሌም ሰምታለች።

ትዕዛዙ በሰማንያ ሦስት ሠራዊቱ ሲበተን ከሰሜን በእግሩ ነው የገባው፤ መለዮውን መንገድ ላይ ጥሎ፣ በሰው ኮት። የሚነዳው የለ፤ ገብስ ማረሱን ደግሞ እጁ እምቢ አለው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ አንድ የተዘጋ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ቆማ የቀረች፣ ወለሏን ሣር ሰንጥቆት የወጣ ላንድሮቨር በሐራጅ ገዝቶ በስድስት ጥማድ በሬ አስጎትቶ አመጣት። ሕዝቡ ሰርግ እንደሚያይ ግራና ቀኝ ተሰልፎ ሳቀ። የአሥር ዓመቷ ሳሌም መሪውን ይዛ ተቀምጣለች። «ወደ ግራ! አሁን ወደ ቀኝ! ጎሽ፣ የኔ ሹፌር!» ይላል አባቷ ከበሬዎቹ ጎን እየሮጠ። የሰዉ ሳቅ የአድናቆት መስሏት እሷም አብራ ሳቀች። ይህን ስታስታውስ እስከ ዛሬ ፊቷ ይግላል።

ከሰዓት በኋላ የአባቷ ታናሽ ወንድም ይታየው ከድንኳኑ ጀርባ ጠራት። የተዋሰው ካባ ትከሻው ላይ አልቀመጥ ብሎት በየመሀሉ ይስበዋል።

«ነገ ሣልስት ነው፤ ለቅሶው ሜዳ ይወጣል» አላት። «የገብረየሱስን ነጭ ፈረስ ለምኜ አግኝቻለሁ። መርገፍ አልብሰን፣ ጠመንጃ ጭነን፣ ሦስት ጊዜ እናዞረዋለን።»

«የማን ፈረስ ነው ሊባል?»

«የሱ ነዋ! የወንድሜ!»

«ገብረየሱስ እዚያው ቆሞ እያየ?»

«የማን እንደሆነ ማን ይጠይቃል? ሰው ፈረስ ማየት ነው የሚፈልገው። የሟች ፈረስ ያልዞረበት ለቅሶ የደሃ ለቅሶ ነው። አንቺ ነገ ወደ ከተማሽ ትሄጃለሽ፤ እዚህ ከሰው ጋር የምኖረው እኔ ነኝ።»

ሁለት ቀን ሙሉ ከሰማችው ሁሉ እውነት ይህ ብቻ መሆኑን ሳሌም ታዘበች።

«ያችን ብረት ደግሞ» ሲል ቀጠለ፣ «ነገ ከለቅሶው መልስ ጫኔ ይቆራርጣታል። ነግሬዋለሁ። ማረሻ ይወጣታል፣ መጥረቢያ ይወጣታል።»

«ይቁረጣት። አሁኑኑ ቢጀምርም ደስ ይለኛል።»

ይታየው ክርክር ጠብቆ ኖሮ ካባውን ወደ ትከሻው መልሶ ሳበ። እሷ ግን ከልቧ ነው። እናቷን የገደለቻት ያቺ መኪና ናት ብላ ካመነች ዘጠኝ ዓመቷ።

በሰማንያ ዘጠኝ የክረምቱ መጨረሻ ላይ እናቷ ወሰንየለሽ ሆዷን ይዛ ስትጮህ አደረች። ሲነጋ ስምንት ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ደረሱ፤ ጤና ጣቢያው በሸክም የስድስት ሰዓት መንገድ ነው። ትዕዛዙ ግን የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ነበር። «ግማሽ ሰዓት ስጡኝ» አለ። «ትላንት ልትነሳ ትንሽ ነበር የቀራት። ግማሽ ሰዓት ብቻ።» ሰዎቹ ቃሬዛውን አስቀመጡ። የአሥራ አራት ዓመቷ ሳሌም በመኪናዋና በእናቷ መሀል ትሮጣለች፤ «እየተነሳች ነው፣ እማዬ፣ ደርሷል» ትላለች። ታምናለችም። ትዕዛዙ ማኖቤላውን፣ ያንን ከፊት ተሰክቶ ሞተሩን የሚያስነሳ ቆልማማ ብረት፣ መዳፉ እስኪላጥ አዞረው። «አሁን፣ አሁን» ይላል። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ተሸካሚዎቹ ማንንም ሳይጠይቁ ቃሬዛውን አነሱ። ወሰንየለሽ መንገድ ላይ አረፈች።

ሰባቷ በወጣ ማግስት ትዕዛዙ ክዳኑን መልሶ ከፈተ። ሳሌም አባቷን መናቅ የጀመረችው ያን ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ንቀቷን እንደያዘች ተማረች፣ ተመረቀች፣ ሥራ ያዘች። ከሦስት ዓመት በፊት ደብዳቤ ላከላት፤ ሁለት መስመር። «ለጤናሽ እንደምን አለሽ። አራት ካንዴላ ላኪልኝ።» ሞተሯ ውስጥ እሳት የሚጭሩላትን ማለቱ ነው። ደብዳቤውን ቀዳዳ ጣለችው። መልስ አልጻፈችም፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ቤትም አልመጣችም።

መኪናዋ ከመቆረጧ በፊት የአባቷ ዕቃ ውስጧ ይኖር እንደሆነ ልታይ ሄደች። በሩን ስትከፍት ጫኔ ባናው ላይ ተቀምጧል። ጫኔ ቀጥቃጭ ነው። የአገሩን ማረሻ የሚሠራው እሱ ሆኖ፣ ከአንድ መሶብ አብሮት የሚበላ አልነበረም፤ ዓይኑን ይፈሩታል። ከትዕዛዙ በቀር ወዳጅ አልነበረውም።

«ጋሼ ጫኔ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ለቅሶ ላይ ነኛ።»

«ድንኳኑ እዚያ ነው።»

«ሞልቷል» አለ። አልሞላም ነበር።

ሳሌም ወደ ውስጥ ገብታ ከጎኑ ተቀመጠች። መሪው እጅ በሚያርፍበት በሁለት በኩል ለስልሶ ያብረቀርቃል።

«ነገ እሷን ሊያስቆርጡዎት ነው አሉ።»

«እኔ እምቢ ብል ሌላ ያመጣሉ። ሌላው በመዶሻ ይጨፈጭፋታል። እኔ ብሎን በብሎን እፈታታለሁ፤ ያሰርኩት እኔ አይደለሁ?»

«አንድ ቀን ላልተነሳች ብረት ይህ ሁሉ!»

ጫኔ ዞሮ አያት። «ማነው አልተነሳችም ያለሽ? ካንዴላው ከተገጠመላት ሁለት ዓመት ሆናት፤ አንድ ቀን አስቸግራ አታውቅም።»

«የምን ካንዴላ? እኔ አልላክሁም።»

«አውቃለሁ። መሐል ሜዳ ከተማ ድረስ ሄጄ አስመጥቼ የገዛሁት እኔ ነኝ። ሳሌም ላከችልህ አልኩት።» ጫኔ ጥቁር መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ አሸ። «ገበያ በዋለ ቁጥር ከዘመሮ የሚመለሰውን ሰው ሁሉ የላከችልኝ ነገር አለ ወይ እያለ ይጠይቅ ነበር። ይስቁበታል። ምን ላድርግ?»

«አመነዎት?»

«ካርቶኑን አልጣለውም።» እጁን ከመሪው ሥር ሰደደና ባዶ የካንዴላ ማሸጊያ አውጥቶ ሰጣት። የካርቶኑ ጠርዝ በመነካካት ብዛት ሻክሮ ጨርቅ መስሏል።

ሳሌም ተናደደች። በማን እንደተናደደች መለየት ስላቃታት ደግሞ የበለጠ ተናደደች። «ታዲያ ከተነሳችለት ለምን አልነዳትም? ሁለት ዓመት ሙሉ!»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ያስነሳታል። እዚህ ይቀመጣል። ሰዓቱን ያያል። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ያጠፋታል። እህል ጫንልን ሲሉት ‹አትሄድም› ይላል፤ ያሾፉበታል። ታኮዋን አንስቶ አያውቅም።»

ከድንኳኑ የጠጄ ድምፅ ይሰማል፤ ፈረሱን አሁን ወንዝ ታሻግረዋለች። ሳሌም ማሸጊያውን አጣጥፋ ኪሷ ከተተች።

በማግስቱ ጠዋት ነጩ ፈረስ ያን ያጌጠ የኮርቻ ልብስ፣ መርገፉን፣ ለብሶ ደጅ ደረሰ። ገብረየሱስ ራሱ ልጓሙን ይዟል።

«ይመልሱት» አለች ሳሌም አጎቷን።

«ምን ሊወጣ? ባዶ ሜዳ ላይ ሊለቀስ?»

«እሷ ትወጣለች።» ላንድሮቨሯን አሳየችው።

«እግዚኦ! ዕብደትም ይወረሳል እንዴ?»

«ከዚህ ግቢ የሱ የሆነው እሷ ብቻ ናት፣ ጋሼ። ሌላው ሁሉ የውሰት ነው። ካባዎም።»

ጥሩሸዋ ክንዷን ያዘቻት። «ልጄ፣ ተይ፣ ይስቁብናል።»

«ሲስቁ አይደል የኖሩት? ዛሬ ነጠላቸውን ገልጠው ይሳቁ።»

ጫኔ ማኖቤላውን ሰክቶ አንዴ አዞረ፤ ደገመ። በሦስተኛው ሞተሩ አስሎ ተነሳ። ጥቁር ጭስ ድንኳኑ ውስጥ ገባ፤ ጠጄ ዜማዋን ረስታ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ነጩ ፈረስ በኋላ እግሮቹ ቆመ፤ ገብረየሱስን ትንሽ ጎትቶ ጣለውና መርገፉን እያንጠባጠበ የገብሱን ማሳ አቋርጦ ወደ መጣበት ነጎደ። ሳሌም እጇ ላይ ያሰረችውን የአባቷን ሰዓት አየች። ሦስት ከሩብ ነው።

ከዚያ ወሬው ተጀመረ። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። አንዱ «መኪና ለለቅሶ ወጥቶ አያውቅም» አለ። ሌላው «ፈረሱ እንደሁ ሄዷል፤ ምን ልታወጣ ነው?» አለው። ይታየው በማርያም ለመነ፤ በእድሩ አስፈራራ። ገመዱ ከፊት ብረቷ ሲፈታ የድንኳኑ ማዕዘን ንፍሮው ላይ ተደፋና ሌላ ጩኸት ሆነ። ሞተሩ ይህን ሁሉ ከምንም ሳይቆጥር ይንቀጠቀጣል። ጫኔ መሪው ላይ ተቀመጠ።

«ለመሆኑ መንዳት ይችላሉ?» አለችው ሳሌም ከጎኑ ሆና።

«አስተምሮኛል። በቆመችበት።»

«ፍሬኗስ ይይዛል?»

«በቆመችበት ይይዛል።»

በሦስቱ ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትስቅ ምንም አልቀራት።

«ሞላ» አለ ጫኔ ድንገት። ሰዓት አላየም። እጁ በልማድ ወደ ቁልፉ ሄደ።

ሳሌም ሰዓቷን አየች። ሩብ ጉዳይ ለአራት። እውነቱን ነው።

«አያጥፉት።»

ወርዳ ከፊት ጎማው ዘንድ ተንበረከከች። ታኮውን መሬቱ እስከ ወገቡ ውጦታል። ዙሪያውን በጣቶቿ ቆፈረች፤ አንድ ጥፍሯ ተሰበረ። «ፍሬን ይያዙ!» ብላ ጮኸችና ድንጋዩን በሁለት እጇ ነቀለችው። ላንድሮቨሯ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ፊት ተንሸራታ ቆመች። ለጫኔ ድንኳን ውስጥ የመቀመጫ ቦታ የነፈገው ሕዝብ ከበሩ ላይ እየተገፋፋ መንገድ ለቀቀ።

ሳሌም ወጥታ ከጫኔ ጎን ተቀመጠች። ድንጋዩን ከእግሯ ሥር ልታስቀምጠው ጎንበስ አለች፤ ተወችውና ጭኗ ላይ አደረገችው። የሥሩ ጭቃ ጥቁር ቀሚሷን አረጠበው። አላራገፈችውም።

«ወደ ግራ፣ ጋሼ ጫኔ» አለች።