የወንበር ሊቅ

የመኪና ወንበር ሰፊዋ በክበቡ ትልቅ በር ፊት ክላክሷን ስታስጮህ ዘበኛው ብቅ አለ።

«የወንበር ሥራ በጓሮ በር ነው!»

«ዛሬ ያመጣሁት አባቴን ነው። ክፈት።»

ከጎኗ የተቀመጡት አባቷ ኮታቸውን አስተካከሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የክበቡን መኪናዎች ወንበር እያለበሱ በጓሮ በር ገብተው በጓሮ በር ወጥተዋል። የጥንታዊ የአሜሪካ መኪና አፍቃሪዎች ክበብ አባላት መኪናቸው ከፋብሪካ እንደወጣች ያልተነካች መሆኗን ሲምሉ አይጣል ነው፤ ስለዚህ ወንበር የሚያሰፉት እንደ ሌባ ተደብቀው ነበር። ልጅየዋ ደግሞ አባቷን እንደ አባል በትልቁ በር ላስገባ ብላ ከተነሣች ቆይታለች። የአመልካች መኪና የምትመረመረው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የወደቀ ሁለተኛ አያመለክትም።

በዚያ ግቢ «አሮጌ» ስድብ ነው፤ «ክላሲክ» ነው የሚባለው። ሊቀመንበሩም ሰባ ሊሞላው ነው፤ እሱ በየትኛው እንደሚጠራ ግን ደንቡ ዝም ብሏል።

ሊቀመንበሩ ነጭ ጓንቱን አጥልቆ አባትና ልጅ የመጡባትን ባለክንፍ መኪና ዞራት። ስቱኮ የተለሰነበት ቦታ ካለ ብሎ ማግኔቱን በየበሩ ለጠፈ፤ ማግኔቱ ሁሉም ጋ ብረቱን ጥብቅ አድርጎ ያዘ። ፊቱ ጠቆረ። ከዚያ የሾፌሩን ወንበር አንሥቶ ከሥሩ ሲያይ እንደ አዲስ ሙሽራ ፈካ።

«ቀይ ቋጠሮ! ፋብሪካ በቀይ ክር ቋጥሮ ያውቃል? ተነክታለች!»

አባላቱ አንገታቸውን ነቀነቁ። አባትየው ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ እሷ ግን ፈገግ እንዳለች ነው።

«እንግዲህ ቀይ ቋጠሮ ያለበት መኪና እዚህ ቦታ የለውም ማለት ነው?»

«አንድ ቀን አያድርም!»

«እሺ፣ በቃለ ጉባኤ ይስፈርልኝ።»

ሊቀመንበሩ በገዛ እጁ ጻፈ፣ ፈረመ፣ ማኅተም መታ።

«አሁን የእርስዎን ወንበር ያንሡት እስቲ።»

«የእኔን? የእኔማ...»

«ያንሡት ግዴለም።»

አነሣው። ከሥሩ ቀይ ቋጠሮ እንደ በርበሬ ፍሬ ጉብ ብሏል። አሥራ ሦስቱ አባላት አንድ በአንድ ወደየመኪናቸው ሾለኩ፤ ወንበር ሲነሣና ሲወርድ ብቻ ይሰማ ጀመር።

«አባባ፣ ለምንድነው በቀይ የሚቋጥሩት?» አለች ጮክ ብላ።

«ሥራዬ ተበላሽቶ ሲመጣ እንዳልክደው ነዋ!»

ሊቀመንበሩ ላቡን በነጭ ጓንቱ ጠረገ። «ምን ነካሽ እህቴ... እኔ እኮ የዚህ ክበብ ሊቀመንበር ነኝ!»

«እርስዎ ሊቀመንበር ነዎት፤ የወንበሩ ሊቅ ግን እኚህ ናቸው። ወይ አሥራ አራታችሁም ዛሬውኑ ውጡ፣ ወይ ያችን ወረቀት ቅደዷት።»

ወረቀቷ ስትቀደድ ከአባላቱ ሁሉ ፈጥኖ ያጨበጨበው ዘበኛው ነበር።

የአባልነት ባጁ በአባትየው ኮት ላይ ተሰካ። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ጣታቸው ግን አሁንም ያያል። በሊቀመንበሩ መኪና ተቀመጡ፣ ወንበሩን ተጫን ተጫን አደረጉና ወደ ሊቀመንበሩ ዞረው ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ስፖንጁ አልቆለታል ወንድሜ። ሰኞ ወደ ሱቃችን ይዘኸው ና።» ትንሽ አሰቡ። «ብቻ አደራ፣ በጓሮ በር።»