የመስከረሙ ፈተና

ጤነኛ ሰው ሆን ብሎ ደደብ ለመምሰል ሲጣጣር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። እዚህ ካናዳ፣ ሳስካችዋን ውስጥ፣ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል፣ የከተማችን የበረዶ ሆኪ ክለብ ተጫዋቾች በየመስከረሙ ይፈተናሉ። ደህና የሚያስታውሱትን ቃል ረሳን ይላሉ፤ ቀላሉን ቁጥር እያወቁ ይስታሉ። ፈተናው የጭንቅላት ነው። በውድድሩ ዘመን አንድ ተጫዋች ሲመታ ሐኪሙ እንደገና ይፈትነውና ውጤቱን ከመስከረሙ ጋር ያመዛዝናል። የመስከረሙ ዝቅ ካለ፣ የተናጋ አእምሮም ጤነኛ መስሎ ያልፋል። ይህን ብልጠት ይሉታል። ብልጠት! ሰው የገዛ ራሱን መቃብር ሲቆፍር ብልጥ የሚባለው በሆኪ ብቻ ነው።

አሰልጣኙ ዋሊ ፍሪዘን ታላቅ ወንድሜ ነው። ዕድሜውን በተከላካይነት የተጫወተ፣ ሰው ከሜዳው ዙሪያ ግድግዳ ጋር በማላተም ስሙ የገነነ፣ ራሱም ብዙ የተላተመ ሰው ነው። ጫማውን ሲሰቅል ማሰልጠን ጀመረ። ብርሃን ስለሚያመው ቢሮው ውስጥ መብራት አይበራም። ባለፈው ገና ማዕድ ላይ ሆነን ወደ በሩ እያየ «እማዬ ምነው ዘገየች?» አለኝ። እማዬን የቀበርናት እሱና እኔ ነን። ከዚያ ቀን ወዲህ ፍርሃት አብሮኝ ያድራል።

በግማሽ ፍጻሜው ከአንድ ቡድን ጋር በተከታታይ ነው የምንጋጠመው፤ ማክሰኞ ዕለት ተጫዋቻችን ዴቪን ሶሮካ ተመታ። ታሪክ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ሆኗል። ፊቱ ከግድግዳው መስታወት ጋር ተጋጭቶ ወደቀ፤ ሲነሳ ጉልበቶቹ እንደ አራስ ጥጃ ተብረከረኩ። ክለቡ «የላይኛው አካል ጉዳት» ብሎ ዝም አለ። በእኛ ዘንድ ትከሻም ይሁን ጭንቅላት «የላይኛው አካል» ነው የሚባለው፤ ተጋጣሚ የታመመውን ቦታ አውቆ እንዳይደግመው ነው አሉ። በማግስቱ ሐኪሙ ፈተነው። አለፈ።

ሐሙስ ከጨዋታው በፊት ጨለማው ቢሮ ገባሁ።

«ዋሊ፣ ዴቪንን አታሰልፈው።»

«መጣች ደግሞ! ሐኪሙ ፈቅዷል፣ ኤላ። አንቺ ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆንሽው?»

«መስከረም ላይ ምን እንዳስደረግሃቸው አይቻለሁ። በእኔ ትምህርት ቤት ነው የተፈተኑት።»

«እና? እኛም እንዲሁ ነው የተጫወትነው። ታዲያ ምን ሆንኩ?»

ምን ልበለው? እማዬን ላንሳበት? እጄን ወደ ማብሪያው ሰደድኩ።

«ተይ!» ብሎ ጮኸ፤ ዓይኑን በክንዱ ከለለ። «ሂጂ፣ ወንበርሽ ላይ ቁጭ በይና አጨብጭቢ!»

ወደ መልበሻ ክፍሉ በሚወስደው ኮሪደር ዴቪን ከቡድን ጓደኞቹ ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያስራል።

«ቲቸር! ዛሬ የምንገጥመው እነማንን ነው?»

«የማክሰኞዎቹን ነው፣ ዴቪን።»

«ቲቸር አትድከሚ፣ ይሄ ድሮም ሰነፍ ነበር» አለ አጠገቡ የተቀመጠው በረኛ። ሁሉም ሳቁ። ዴቪንም አብሯቸው ሳቀ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ፈገግታ፣ «ቲቸር! ዛሬ የምንገጥመው እነማንን ነው?» አለኝ።

አሁን የሳቀ አልነበረም። በረኛው አንገቱን ደፍቶ የታሰረ ማሰሪያውን ፈትቶ እንደገና ማሰር ጀመረ። ሁሉም ሰምተዋል!

«ቤትህ ግባ፣ ዴቪን» አልኩት በለሆሳስ።

«ቦታዬን ይወስዱብኛላ፣ ቲቸር።»

ጨዋታው ሲጀመር ወደ በረዶው ሜዳ ገባ። ወደ ግድግዳው በተጠጋ ቁጥር ከወንበሬ እነሳለሁ። እንደ ኳስ የሚመቷትን ጎማ ሲያሳድድ፣ ከጀርባው ሰው ሲመጣበት፣ ጥፍሬ መዳፌን ይበሳው ነበር። የፈራሁት ግን አልመጣም፤ ማንም አልነካውም። በቅያሪ ሲጠራ እየተንሸራተተ መጣ፣ የተጋጣሚውን ቡድን ተቀያሪዎች መቀመጫ በር ከፈተና ገብቶ በመካከላቸው ተቀመጠ።

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ።

«እንኳን ደህና መጣህ! ስንት ከፈልንህ?» አለ አንዱ ተጋጣሚ። ከጎኑ የነበረው አንጋፋ ተጫዋች ግን የዴቪንን ዓይን አይቶ ጓንቱን አወለቀ፤ ትከሻውን ደግፎ ይዞ በሌላ እጁ ዳኛውን ጠራ። የተፋለመው ጠላት ያየውን የገዛ አሰልጣኙ አላየም። «ሶሮካ! ወዲህ!» ብሎ ጮኸ ወንድሜ፤ ዴቪን ሲመለስለት ውኃ አጠጣውና ጥቂት ቆይቶ እንደገና አስገባው።

አሸነፍን። ጋዜጠኞች መግለጫ ክፍሉን ሞሉት፤ እኔም ከኋላቸው ገብቼ ቆምኩ። ስለ ሶሮካ ተጠየቀ።

«የላይኛው አካል ነው» አለ ዋሊ፣ በካሜራው ብርሃን ዓይኑን እያጨናበሰ። «ቀላል ነገር ነው። ለቅዳሜው ጨዋታ ዝግጁ ይሆናል።»

ወደ ፊት ወጣሁ።

«ዋሊ ፍሪዘን! እህትህ ሆኜ አይደለም የምጠይቅህ። ዴቪን ሶሮካ የታመመው ምኑን ነው? በስሙ ጥራው! ቅዳሜስ ታስገባዋለህ ወይስ አታስገባውም? ሚስቱ በቴሌቪዥን እያየችህ ነው። በሹክሹክታ ሳይሆን፣ ቢሮህ ጨለማ ውስጥ ሳይሆን፣ እዚሁ፣ ሁሉም በሚሰማበት መልስ!»