ሳያገባ አይቀርም

ሊሊሴ ማወቅ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የማታ ትምህርት የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ጋሩማ አግብቷል ወይስ አላገባም? መጠየቅ ግን አፈረች። እኔ ማፈር የተውኩት የመጨረሻ ልጄን የዳርኩ ዕለት ስለሆነ፣ ነገሩን ለእኔ ተይው አልኳት።

«ማሎ አዴ ጸሐይወርቅ፣ እባክዎ እንዳያዋርዱኝ» አለች።

ነገሩ የጀመረው ጋሩማ ወደ ጊዳ አያና ሄዶ ቤተሰቦቹን ጠይቆ ወደ ነቀምቴ ሲመለስ ነው። ድሮ ሸሚዙ የተጨማደደ፣ ቁልፉ የጎደለ ነበር። አሁን ተተኩሶ፣ ቁልፉ ተሟልቶ መጣ። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ ፊቷ አልፈታ አለ። ለዚህ ደረቅ ሰው መጨነቋ ቢያናድደኝም አሳዘነችኝ።

የዕለቱ ትምህርት ራሱ ነገር ፈላጊ ነበር። ጋሩማ ሰሌዳው ላይ «ማስት ሃቭ» የሚለውን ጻፈና፣ «ምልክት አይታችሁ ያለፈን ነገር ስትገምቱ የምትጠቀሙበት ነው» አለን። «ለምሳሌ መንገዱ ረጥቧል፤ ስለዚህ ዘንቦ መሆን አለበት።»

ሸሚዝህስ ምን ያስገምታል? አልኩ በልቤ። እጄን አወጣሁ።

«ቲቸር፣ ‹መምህሩ ሳያገባ አይቀርም› በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል?»

ሊሊሴ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። ከኋላችን የባጃጅ ሹፌሩ ሌንጮ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

ጋሩማ ጠመኔውን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ። በእኛ አማርኛ «ሳያገባ አይቀርም» ማለት አግብቷል መሰለኝ ማለትም ነው፣ አንድ ቀን ማግባቱ አይቀርም ማለትም ነው። እንግሊዝኛው ግን እንዲህ ያለ መሸሸጊያ የለውም፤ አንዱን መምረጥ ግድ ነው።

«እትዬ፣ ያለፈውን ነው የሚመጣውን?»

«እኔ ምን አውቄ? አስተማሪው አንተ ነህ።»

ወደ ሰሌዳው ዞረ። ሊሊሴ አንገቷን ደፋች። ያን ጊዜ እኔም ፈራሁ፤ «ማስት ሃቭ» ብሎ ከጻፈ፣ ልጅቷን በሰው ፊት ያስለቀስኳት እኔ ነኝ።

«ዘ ቲቸር ዊል ሜሪ» ብሎ ጻፈና ነጥብ አደረገ። የሚመጣው ነው።

«ሸሚዙስ?» አለ ሌንጮ።

«ካውያ ገዝቼ ነዋ» አለ ጋሩማ፣ ፊቱን ሳይመልስ።

ሊሊሴ ቀና አለች። «ቲቸር፣ ተሳቢ ጎድሏል። ማንን?»

ተሳቢ ለሚረሳ ተማሪ ማርክ የሚቀንሰው እሱ ራሱ ነው። ነጥቡን በአውራ ጣቱ አጠፋና ጠመኔውን ዘረጋላት።

«አንቺ ሙዪው።»

ተነሥታ ሄደች። ስሟን በትልልቁ ጻፈች፤ ነጥቡንም ራሷ አደረገች።