የሙዘይን ትርጉም

ከድንኳኑ ውስጥ ሳቅ ሲፈነዳ ቶይባ ደንግጣ ቀና አለች። የለቅሶ ቤት ነው፤ ባሏ ሙዘይን ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ። ፍራሽ ላይ አብረዋት የተቀመጡት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። ውጭ አንድ ሽማግሌ "አስተግፊሩላህ" ሲሉ ተሰማ፤ ሳቁ ግን በአንዴ አልጠፋም፤ እንደታፈነ ሳል ትንሽ ቆይቶ ነው የበረደው።

"ምን ነካቸው?" አለች ገበያነሽ። ገበያነሽ ከአጥሩ ማዶ ያለች ጎረቤት ናት፤ ሙዘይን ካረፈ ጀምሮ የራሷን ቤት ዘግታ እዚሁ ሻይ ስትቀዳ፣ ቴምር ስታዞር ነው የምትውለው።

የቶይባ አንድያ ልጅ ሉብና ባዶ ብርጭቆ የሞላ ትሪ ይዛ ከደጅ ገባች። ሁለት ቀን ሙሉ ሲያለቅስ የቆየው ፊቷ ላይ ፈገግታ ቢጤ ነበር።

"ስለ አባዬ ቪዲዮ ቤት እያወሩ ነው፣ ኡሚ። ጋሽ መዝገቡ ናቸው የሚያስቋቸው። ያ ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ሚስትየዋ ከውሽማዋ ጋር ሆና ባሏን የምትገድልበት…"

"በቃ!" አለች ቶይባ።

ድምጿ ካሰበችው በላይ ጮኸ። ሉብና ትሪውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ገበያነሽ ተነስታ ትሪውን ከእጇ ተቀበለቻትና አንገቷን ደፍታ ወደ ጓዳ ገባች።

በጉለሌ ሙዘይንን ሰው የሚያውቀው በድምፁ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በፊት አዲሱ ገበያ ላይ፣ ከአንድ ጎሚስታ ቤት ጀርባ፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበርና አንድ ቴሌቪዥን ያለው ቪዲዮ ቤት ነበረው። የሕንድና የካራቴ ፊልም ይበዛ ነበር። ሙዘይን ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ በአማርኛ ይተረጉማል፤ ለሽማግሌው የሽማግሌ፣ ለሴቷ የሴት ድምፅ እያወጣ። እንግሊዝኛው ከትምህርት ቤት የተረፈችው ናት። የጎደለውን ከራሱ ይሞላዋል፤ ሰዉም ለፊልሙ ሳይሆን ለእሱ ብሎ ይመጣል።

ቶይባ ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነበር። ሉብና ገና አልተወለደችም። ቀኑን ሙሉ ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ጥጥ እየፈተለች ብቻዋን ትውላለች። ባሏ ጠዋት ወጥቶ ሲመሽ ይገባል፤ ሲገባም ድምፁን ፊልሙ ጨርሶበት ለእሷ የሚተርፍ ቃል አይኖረውም። "እራት አለ?" ይላል፣ ይበላል፣ ይተኛል።

ፈትሉን በየሳምንቱ እየመጣ የሚወስድላት ሸፊ የሚባል የሸማ ነጋዴ ነበር። ሸፊ ያወራል። ክሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሳና "ይሄን የፈተለ እጅማ…" ብሎ እጇን ያያል። ማንም ስለ እጇ አውርቶላት አያውቅም ነበር። እንዲህ ተጀመረ፤ ከመስከረም እስከ ጥር ዘለቀ።

በጥር አንድ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መብራት ጠፋ። መብራት ከሌለ ቪዲዮ የለም፤ ሙዘይን ያለሰዓቱ ወደ ቤቱ መጣ። ቶይባ በመጋረጃው ጠርዝ አየችው። የአጥሩን በር ከፍቶ ሁለት እርምጃ ገባ። ደጃፉ ላይ የሸፊ ጫማ ነበር። ሙዘይን ጫማውን ቆሞ ተመለከተው፤ ብዙ አልቆየም። ከዚያ ወደ ኋላው ተመልሶ በሩን እንዳይንቋቋ በሁለት እጁ ይዞ ዘጋውና ቁልቁለቱን ወረደ።

ማታ በሰዓቱ መጣ። "እራት አለ?" አለ። ሌላ ቃል አልወጣውም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን የአጥሩን በር ከመክፈቱ በፊት ጮክ ብሎ ጉሮሮውን መጥረግ ለመደ። ሸፊ በዚያው ሳምንት ዕቃውን ጠቅልሎ ጅማ ሄዶ በዚያው ቀረ፤ ሙዘይን ጉሮሮውን መጥረጉን አልተወም። ሉብና ከተወለደችም በኋላ፣ ፀጉሩ ከነጣም በኋላ አልተወም።

ቶይባ ዱላ ጠበቀች፤ አልመጣም። ፍቺ ጠበቀች፤ አልመጣም። የመጣው በገበያነሽ አፍ ነው። የቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ ቆመው ሳለ ገበያነሽ ዓይኗን ከባልዲው ሳታነሳ፣ "ባልሽ ማክሰኞ ማክሰኞ አንድ ፊልም ያሳያል አሉ፤ ሚስት ከውሽማዋ ጋር ሆና ባሏን የምትገድልበት። ሰዉ መቀመጫ አጥቶ በር ላይ ነው አሉ የሚቆመው" አለቻት።

ቶይባ የሞላውን ባልዲ ተሸክማ ቤቷ ስትገባ ነገሩ ገብቷት ነበር፤ ቢያንስ የገባት መስሏት ነበር። ቅጣቷ ይሄ ነው። እሷን በቤት ውስጥ አንድ ቃል ሳይናገር፣ በሰፈር ፊት ነፍሰ ገዳይ እያደረገ ያሳያታል። በቪዲዮ ቤቱ ደጅ ዳግመኛ አላለፈችም፤ ገበያ ስትሄድ በላይኛው መንገድ ዞራ ነበር የምትሄደው። አፉ በለኝ ልትለው ቃሉ አፏ ላይ የደረሰበት ጊዜ ነበር። ግን ማክሰኞ ይመጣል፣ እሷም ትውጠዋለች። በኋላ በኋላ 'አዋርዶኛል፤ እንግዲህ ተካክሰናል' ብላ ለራሷ ነገረችው፤ በዚያው ሠላሳ ዓመት ኖሩ። ልጅ ወለዱ፣ አሳደጉ፣ ቪዲዮ ቤቱ ተዘግቶ የሞባይል ዕቃ መሸጫ ሆነ። ሙዘይን ክፉ ባል አልነበረም። ስትታመም አስታሟታል፤ እናቷ ስትሞት ወልድያ ድረስ አብሯት ሄዷል። በመሃላቸው ግን ሁልጊዜ ያ ፊልም ነበር።

ባለፈው እሑድ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ ሉብና መድኃኒት ልትገዛ በወጣችበት ሙዘይን እጁን ከአንሶላው አውጥቶ ያዛት።

"ቶይባ፣ አፉ በይኝ።"

"አፉ ብዬሃለሁ። አላህም አፉ ይበልህ" አለችው። ያሰበችው ስለ ፊልሙ ነበር። በስተመጨረሻ ጠየቀኝ አለች በልቧ።

ሙዘይን እጇን አልለቀቀም። ፊቷን እያየ ጠበቀ። ምን እንደሚጠብቅ ታውቃለች፤ ሁለት ቃል ነው። እሷ ግን በሌላ እጇ አንሶላውን አስተካከለችለት።

"ውሃ ልስጥህ?" አለችው።

"አልጠማኝም" አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። በነጋታው ሞተ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ዱዓው አበቃ። የእድሩ ሰዎች የድንኳኑን ገመድ ሲፈቱ፣ ሴቶቹም አንድ በአንድ እየተሰናበቱ ሲወጡ፣ መዝገቡ ቆቡን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። በአዲሱ ገበያና በሽሮ ሜዳ መካከል ሚኒባስ የሚነዳ፣ ጢሙ የሸበተ ጎልማሳ ነው።

"እትዬ ቶይባ፣ እግዜር ያጽናዎት" አለ። "ትናንት ስለሳቅን ይቅር ይበሉን። ሙዜ ሲነሳ ሳቁ ይቀድመናል።"

ቶይባ ልታሰናብተው ነበር። አንደበቷ ግን ሌላ ተናገረ።

"ሚስት ባሏን ስትገድል ምኑ ነው የሚያስቀው፣ መዝገቡ?"

መዝገቡ ግራ ገብቶት አያት። "ፊልሙን አይተውት አያውቁም እንዴ?"

"አላውቅም።"

"እንዲያማ ከሆነ አያውቁም! በሙዜ ፊልም እኮ አትገድለውም!"

ሉብና በርጩማ አቀረበችለት። "ቁጭ ይበሉና ይንገሩን። እንዴት ነው የማትገድለው?"

መዝገቡ ተቀመጠ። "በፊልሙማ ትገድለዋለች። መጀመሪያ ሰሞን ሙዜም እንደዚያው ነበር የተረጎመልን። አንዲት ቆንጆ ሴት አለች፤ ባሏ ሀብታም፣ ዕድሜው የገፋ። አንድ ኮፍያ የማይለየው ሰውዬ ይወዳታል። ከሱ ጋር መክረው ከትንሽ ጠርሙስ የሆነ ነገር ወተት ውስጥ ጠብ ታደርግና ለባሏ ታጠጣዋለች። ይሞታል። መጨረሻ ላይ ፖሊስ ይይዛታል። በቃ ይሄው ነው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ…" መዝገቡ ቶይባን አየት አድርጎ ዓይኑን ሰበረ። "እ… ማለቴ፣ በጥር ነው መሰለኝ፣ ሰፈር ውስጥ አንድ የማይረባ ወሬ ተነሳ። ሰዉ ፊልሙን ብሎ ሳይሆን የሙዜን ፊት ሊያይ መምጣት ጀመረ። 'ያንን ክፈትልን፣ ያንን' ይሉታል። እኔም አንዱ ነበርኩ፤ አልዋሽም። ሃያ ዓመቴ ነበር።"

"ለምን አላወረደውም?" አለች ቶይባ።

"ቢያወርደው 'ለካ እውነት ነው' ይሉ ነበራ። ከፈተው። ሴትየዋ ጠርሙሱን ስታነሳ ሁላችንም እሱን ነበር የምናየው። 'ሐኪም ያዘዘለት መድኃኒት ነው፤ እንቅልፍ ቢያጣ አዝናለት ነው' አለ። ባልየው ሲወድቅ 'ልቡ ነው፤ ድሮም ደካማ ነበር' አለ። አንዱ ከኋላ 'ሙዜ፣ ባለፈው ገደለችው አላልክም?' ብሎ ጮኸበት። ሙዜ ዞር አለና 'ባለፈው ተሳስቼ ነው። እንግሊዝኛው ይከብዳል። አሁን ነው በደንብ የገባኝ' አለው።"

"ባለኮፍያውስ?" አለች ሉብና።

"የባልየው የአክስት ልጅ ነው አለና! ሲሳሳሙ ደግሞ 'ለቅሶ እየደረሳት ነው' አለን። ትናንት ይሄን አንስተን ነው የሳቅነው።" ሉብና እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። መዝገቡም ሳቀና ወዲያው ተወው። "አንድ እንግሊዝኛ የሚችል ተማሪ ተነስቶ 'ኧረ ገደልኩት እያለች ነው!' ቢለው፣ 'ተርጓሚው እኔ ነኝ፤ ቁጭ በል' አለው።"

ውጭ የድንኳኑ ብረቶች አንዱ በአንዱ ላይ ይወረወራሉ። ቶይባ ወደ ፊት ጎንበስ አለች።

"መጨረሻው ላይስ? ፖሊሶቹ ሲይዟት ምን አለ?"

"መሐል አስገብተዋት ደረጃ ስትወርድ የሆነ ነገር ትናገራለች። ሙዜ 'ወደ እናቷ ቤት እየሸኟት ነው' አለ። ከዚያ በዚያች በሴት ድምፁ፣ 'እወደው ነበር። ብቻዬን ትቶኝ እየዋለ ነው እንጂ' አለ። ይሄ ፊልሙ ውስጥ የለም፤ ከራሱ ነው ያመጣው። ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ማንም አልሳቀም። በየሳምንቱ እንደዚያው እያለ ተረጎመው። በስተመጨረሻ ሰዉ ሰለቸው፣ ወሬውም ቀረ።"

ቶይባ በሁለት እጇ ጉልበቷን ያዘች። *ብቻዬን ትቶኝ እየዋለ ነው እንጂ።* እሑድ ዕለት አፉ በይኝ ያላት ለዚህ ነበር። ስለ ፊልሙ አልነበረም። ስለነዚያ ቀናት ነበር፤ እሷም ያንን ሳትሰማው ውሃ ልስጥህ አለችው።

"ግን ለምን?" አለች ሉብና። "የማን ወሬ ነበር?"

መዝገቡ ቆቡን አዟዟረ። "እንጃ ልጄ… ብዙ ዘመን ሆነው። ሙዜ እንዲሁ ሴት ስትታሰር ማየት አይወድም ነበር።" ይህን ብሎ ተነሳ።

እሱም ለሉብና እየተረጎመላት ነበር። ቶይባ ቀና ብላ አየችው። ዝም ብትል ያልፋል፤ ሉብና ሳቋን ይዛ ትቀራለች፤ ነገሩም ይዘጋል። ሙዘይን ይህን ዝምታ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጠብቆላታል።

"የእኔ ወሬ ነበር" አለች።

"እትዬ ቶይባ…"

"አይደለም፣ ትስማ። ወሬም አልነበረም፣ ሉብና። እውነት ነበር። አንቺ ከመወለድሽ አምስት ዓመት በፊት ነው። ሸፊ የሚባል ሰው ነበር። አባትሽ በዓይኑ አይቶ ተመለሰ።"

መዝገቡ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ሉብና ወደ መስኮቱ ሄዳ ቆመች።

"አባዬ ሳይነግርሽ ኖረ?"

"አንድም ቀን።"

"አንቺስ? አፉ በለኝ አልሽው?"

ቶይባ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

ሉብና ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። በሩ ክፍት ቀረ። ገበያነሽ ግቢው ውስጥ ብርጭቆ ስታጥብ፣ የእድሩ ሰዎች ሸራውን ሲያጥፉ ይሰማል። ቶይባ ከነበረችበት አልተንቀሳቀሰችም። ልጄም ሄደች አለች በልቧ፤ መሄድም ይገባታል።

ሸራው ተጭኖ መኪናው ከወጣ በኋላ ሉብና ተመልሳ መጣች። ዓይኖቿ ቀልተዋል። እናቷን አላየቻትም። ከፍራሹ ጥግ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች፤ ቆይታም ክንዷን ተንተርሳ በጎኗ ጋደም አለች።

ቶይባ ግድግዳውን ይዛ ተነሳችና ወደ መኝታ ቤት ገባች። አልጋው ላይ የሙዘይን ትራስ ነበር። ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት የተኛበት ነው፤ የፀጉር ቅባቱ ሽታ አለው። ልብሱን ለማጠብ የሰበሰቡት ሴቶች ሦስት ጊዜ ሊወስዱት መጥተው ሦስቱንም ጊዜ ከልክላቸዋለች።

ትራሱን ታቅፋ መጣች። ፍራሹ አጠገብ ተንበረከከች። የሉብናን ራስ በአንድ እጇ ቀስ አድርጋ ከፍ አደረገችና በሌላው ትራሱን ከሥሩ አስገባችላት።